ሰማንያ ፊደል

ቱርኩ፥ የኅዳር ማታ፤ ወንዙን ብርድ ሊይዘው፤
ኢርመሊ መስኮት ዳር አፍጥጣ የምታየው
አንድ መስመር ብቻ፥ ጫፉ የማይታይ፤
ቅንፍ በቅንፍ ላይ፥ ዝርዝር በዝርዝር ላይ።
ከባሕር ተንሳፋፊ የተላከ መዝገብ፦
የጨው ልክ፥ የሙቀት፥ የሞገድ፥ የወጀብ፥
አንዱ ካንዱ ሆድ ውስጥ፤
ሰባት መዝጊያ ቅንፍ ጭራው ላይ ተኮልኩሎ፥
የቱ የማን እንደሁ ማን ይለየው ብሎ።

ማተሚያውን ፔንቲ ነበር የጻፈው፥ ድሮ።
ፔንቲ አለፈ፤ ትእዛዙ ቀረ፥ በኮዱ ውስጥ ታስሮ፦
«አንድ መስመር ከሰማንያ ፊደል አይለፍ።»
ጥልቀቱ ሦስት ሲደርስ፥ ደክሞት እንደሚያርፍ፥
ሦስት ነጥብ ጣል አርጎ ይመለሳል፤
«ሌላም አለ» ማለቱ ይሆናል።

ጠዋት ዮርማ ደውሎ ከወደቡ፦ «ዘጠነኛው
ተንሳፋፊ ዝም አለ፤ እስቲ እዪው፥ ምን ነካው?»
አየች። ሦስት ነጥብ።
ከነጥቡ ወዲያ የለም የሚነበብ።

በፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ ደንብ አወጣች፦
«ከበቃው፥ ባንድ መስመር ይግባ» አለች፤
«ካልበቃው ግን ይሰበር፥ ሁሉም በየረድፉ፤
ልጅ ከወላጁ ሥር ገባ ይበል ከነቅንፉ፤
መዝጊያውም በከፋቹ ትክክል ይቁም።»

(መስመር መስበር የኔም እንጀራ ነው፤ እኔ ግን
ቤት እንዲመታልኝ (ትርጉሙ ቢጎዳም) እሰብራለሁ፤
እሷ ቤቱ ውስጥ ያለው እንዲታይ ነው የምትሰብረው።)

ቀላል መስሏት ነበር።
መዝገቡ ውስጥ ግን ልጅ አባቱን አቅፎ፥
አባት ያንኑ ልጅ ጉያው ውስጥ ወትፎ፥
ማተሙ አላልቅ አለ፤ ገባ፥
    ደግሞ ገባ፥
        ደግሞ ገባ፥
            ደግሞ፤
ማራገቢያው ጮኸ፤ ሻይዋ ቀዘቀዘ።
ለታየ ሁሉ ቁጥር ሰጠችው፤ ዳግም ሲመጣ
«አራተኛውን ተመልከት» የሚል ብቻ እንዲወጣ።

እኩለ ሌሊት ላይ ዘጠነኛው ተዘረጋ፤
ባትሪው በጨው ዝርዝር ሥር፥ ተወሽቆ ከጨው ጋ፤
አንዲት ቅንፍ ዘግይታ ተዘግታ ኖሯል።
«ዮርማ፥ ባትሪህ ደኅና ነው፤ ጨው ውስጥ ገብቶ ነው!»
ከእንቅልፉ የተነሣው ዮርማ ምንም አልገባው።

የቀረው ሰማንያው። ሁለት መቶ አደረገችው፤
ስክሪኗ ሰፊ ነው፥ ማን ሊከለክላት።
ዓይኗ ግን ከመስመሩ ጫፍ ሲመለስ መንገድ ጠፋው።
ከፋይሉ ግርጌ፥ ማንም ከማይወርድበት፥
የፔንቲ ማስታወሻ፦
«ዓይኔ ከዚህ ወዲያ አይሄድልኝም። ይቅርታ።»

ሰማንያውን መለሰች።
ሦስቱን ነጥብ ግን ፍቃ
«አሥራ አራት ቀርቷል» አስባለችው።
ካፖርቷን ደረበች። የመጨረሻዋ ጀልባ ተሻግራለች፤
በድልድዩ ዞረች።