ድር የያዘው እሳት

ኔቪል ከጋራዡ ጎትቶ አወጣው፣
ሸራውን ገፈፈ፣ ክዳኑን ገለጠው፣
ቆሞ ተመለከተው።
እኔ ከበስተኋላ ልብስ እያሰጣሁ፣
ከማይድን ከማይሞት በሽተኛ ደጃፍ ልጠይቅ የመጣሁ
መሰለኝ።

ዝገት በጎኑ ላይ ካርታ ስሎበታል፤
እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤
መለኮሻው ቁልፍ ሲጫኑት ጠቅ ይላል፣
ጠቅ ብቻ።
ካራቱ ማንደጃ የግራው ይነዳል፤
ሦስቱ ግን ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ
እንደተኳረፈ ዘመድ ዝም ብለዋል።

ልጃችን ኪርስተን ደውላ ተቆጣች፤
«በገና በዚህ ጉድ ልታበላን?» አለች።
ባሏም ከኋላዋ፣ እንደ ጨረታ ሰው፦
«አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዶላር ብቻ!
ባለስድስት ማንደጃ፣ የለውም አቻ!»
ኔቪል ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።
«አምስት መቶ ብለው እንዳይገላገሉ
አንዲት ዶላር ምነው ከበደቻቸው? ጠይቂልኝ» አለኝ።

ከዚያ ተቀመጠ፣ እርሳሱን አሾለ፣
የመብራት ደረሰኝ ገልብጦ እንዲህ አለ፦
ማንደጃው መቶ ስልሳ፣ የጋዙ ጎማ ሰባ፣
ፍርግርጉ ዘጠና፣ እሱም ከተገኘ፣
መለኮሻው፣ ቀለሙ፣ ብሩሹ ሲገባ
ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ።
የልፋቱን ዋጋ አልደመረም፤
ጡረታ የወጣ ሰው ለቀኑ ተመን አያወጣም።
ሠላሳ አንድ ዓመት በፖርት ፒሪ እቶን
እርሳስ ሲያቀልጥ ኖሮ፣
ዛሬ በዚያው ስም ጣቱን አጥቁሮ
በእርሳስ ይቆጥራል።

ሱቁ ደረስን። በረድፍ ተሰልፈው
እንደ አዲስ ምልምል ደረታቸውን ነፍተው
ያብረቀርቃሉ።
አንዱን በጣቱ አንጓ ኳኳ አደረገና ጆሮውን ጣለበት፤
ብረትን በድምፁ ነው የሚያውቀው፣ እንደ ሰው።
ያልጣመው ነገር እንዳለ ከቅንድቡ አየሁት።
ሻጩ ታንቪር፣ ጢሙ ገና ለጋ፣
ግራ ቀኝ አየና አለቃው ሳይጠጋ
«እውነቱን ልንገርዎት? አምስት ዓመት ካለፈው
ዕድሜ ጠገበ ነው» አለ።
«የኔ ሃያ ስድስት።»
«ያኔማ እኔ ራሴ አልተወለድኩም!»
ተሳሳቁ።

እኔም ልናገር ብዬ ምላሴ ጫፍ ሲደርስ ዋጥኩት፦
ዳሌህ ቲታኒየም፣ ዓይንህ ባለሌንስ፣
ጥርስህ ሌሊት ሌሊት ብርጭቆ ውስጥ ሲዋኝ፣
አዲስ ባል በስንት ነው ብዬ ሱቅ አልዞርኩም።
(አንዴ ዞሬ ነበር። ውድ ነው አሉኝ።)

ባዶ እጃችንን ገባን። መፍቻውን አነሣ።
ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲፈታ ዋለና
ካንዱ ቱቦ ውስጥ ነጭ ነገር ሳበ፤
የሸረሪት ቤት ነው፣ እንደ ጥጥ የተባዘተ፤
ከሁለተኛውም እንዲሁ ጎተተ።
ለካ አልሞቱም ኖሯል፣ ታፍነው ነው እንጂ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሁ እንጃ፣
አስሮ አገኘነው የእሳቱን ማንደጃ።
ለኮሰው። ሰማያዊ፣ አንድ፣ ሁለት፣
ሦስተኛውም አስነጠሰና ተከተለ።
«አየሽ!» አለኝ፤ ፊቱ ሃምሳ ዓመት ቀነሰ።

ደስታው ሳይበርድለት፣ ወለሉን ከታች ባውራ ጣቱ ነካ፤
ጣቱ ወዲያ ወጣ፤ ብረት መሳይ ዝገት ኖሯል ለካ።
ተያየን።
«አሁንስ?» አለ።
«ቋሊማው ወጥቷል፣ ዝንብ ሳይቀድመን ጥበስ» አልኩት።

በላን። ደረሰኙ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፣
በማግኔት ተጣብቆ፤
ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሆነው አልታረቁም ገና።
የጎረቤት ውሻ ግን በአጥሩ ስር ሾልኮ፣
ስቡ የሚንጠባጠብበትን ለክቶ፣
ከቀዳዳው ትይዩ አፉን ከፍቶ ተቀመጠ፤
እኛ ስንማከር እሱ መረጠ።