ሁለት ጣት

እሑድ ማታ ነው፣ ቢቸና፤ መብራት እንደ ልማዱ ሄዷል፤
ሞተሬ በካቫሌቱ ቆሟል፤
የኋላ ጎማው ከመሬት ስንዝር ያህል ተነሥቷል።
የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ
ከጎኑ ቁጢጥ አልኩ፣ የጭቃ ሱሪዬን ለብሼ።

እስከ ወገቡ ናፍጣ የያዘ የቲማቲም ጣሳ፤
ለጥርስ ያረጀ ብሩሽ፣ ለብረት ገና ጎረምሳ፤
ከሸሚዝነት የወረደ፣ እጅጌው ብቻ የቀረ ጨርቅ፤
ይኸው ነው ዕቃው፤ የቀረው መፈተግ ነው፣ ጀርባ እስኪደርቅ።

የእነማይ መረሬ፣ ሲርስ ሙጫ፣ ሲደርቅ ድንጋይ፣
በየቀለበቱ ገብቶ አድሯል፤ ብሩሽ ሲነካው ነው የሚታይ።
አንዱን ፈትጌ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ፤
መቶ ስንት እንደሆኑ ልቆጥር እጀምርና
ሠላሳ ላይ፣ አርባ ላይ፣ ሐሳብ ይመጣል፣ እስታለሁ።

ይህን ያስተማረኝ ልንገረው ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው፣
እጁ ግራሶ የጠገበ፣ አንደበቱ ቁጥብ ሰው።
እኔ በሥልጠናው ደብተር "ሰንሰለት" ብዬ የጻፍኩትን
እሱ "ካቴና" ይለዋል፣ ፖሊስ እጅ የሚያስርበትን።
"ስማቸው አንድ ነው" አለኝ አንድ ቀን፣ ቀና ሳይል፤
"አንዱ ሰው ያስራል፣ አንዱ ሰው ያደርሳል።
መለያው ዘይት ነው፤ የደረቀ ሁሉ ያስራል።"

አልሰማሁትም።
አምና በሐምሌ፣ ከሱሃ ማዶ አባ ሰንጋ ገባ ተብሎ ስላክ
ካቴናው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጢጥ ይል ነበር፣ እንደ ጫጩት፤
"ነገ አጠጣሃለሁ" እያልኩ ነገን በነገ ላይ ደረብኩት።
የክትባቱን ሳጥን ከኋላ በጎማ ላስቲክ ጠፈርኩ፤
በረዶው ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ መንገዱ ሁለት ነው፤
አራት ሰዓት ትርፍ አለኝ ብዬ በልቤ ከበርኩ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ
ቋ!
አለና በቃ።
ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን ዝም፤
እንደ ተሻረ ሹም፣ ድምፅ አለው፣ የሚታዘዝለት የለም።
ዞር ስል ካቴናው ጭቃው ላይ ተጋድሟል፣
ራሱን እንደ ተመታ እባብ።

በእግሬ ስደርስ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ነው፤ መድኃኒቱ ለብ ብሏል፤
የሞቀ ክትባት አይወጋም። ደፋሁት።
በሳምንቱ በሌላ ሰው ሞተር ብመለስ
የአያ ሽባባው በሬ፣ ቦራ፣ ወድቋል፤
ሳይታረድ፣ ሳይገፈፍ፣ ከነቆዳው ተቀብሯል።
ጓደኛው ብቻውን ቆሟል፤ ቀንበሩ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፣
በዘር ወቅት።
አያ ሽባባው አልተቆጣም፤ እሱ ነው የከበደኝ፤
"ብረት አይደል፣ ይበጠሳል" ብሎ እርጎ ቀዳልኝ።

ጨርቁ ጠቁሯል፤ ካቴናው ደርቋል፤ አሁን የካምቢዮ ዘይት።
የምሰጠው በከብት መርፌ ነው፣ ደንዞ ከሥራ በተሰናበተ፤
ለአንድ ቀለበት አንድ ጠብታ፣ ከውስጥ በኩል፣
ጎማውን በግራ እጄ እያዞርኩ፣ ቀስ፣ ቀስ፤
እንደ ተሰለፉ ጥጆች በየተራ ይመጣሉ።
የተረፈውን እጠርጋለሁ፤ ትርፍ ዘይት አፈር ይጠራል።

ከዚያ ልኩ።
"ሁለት ጣት" ይላል ልንገረው፤ "ከታች ስትገፋው ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤
ሲወጠር ይበጠሳል፣ ሲላላ ከጥርሱ ይወልቃል።"
ገፋሁት። ሁለት ጣት። ትንሽ ይጎድል ይሆን?
ብሎኑን ሩብ ዙር መለስኩና ደግሜ ለካሁ።

ባንቻምላክ በአጥሩ ቀዳዳ "ይህን ሞተር አገባኸው እንዴ?" አለችኝ፤
"ነገ ሱሃ ማዶ ነኝ" አልኳት።
ሌላ አልጠየቀችኝ።

እጄን በኦሞ፣ ቀጥሎም በአመድ አሸሁ፤
የናፍጣው ሽታ ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም።
ነገ አያ ሽባባው እርጎውን ሲያቀብለኝ ይሸተዋል፤
ምንም አይልም።
ያውቀዋል።