ሺ ማለት አራት ነው

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ሰኞ ገበያን ሲያለብስ፣
ይመር ሱቄ መጣ፣ አዘዘኝ ዐሥራ ሁለት ልብስ።
ነጭ አቡጀዲ፣ እጅጌው ሰፊ፣ ቁልፍ የሌለው፣
ቀበቶው ከዚያው ጨርቅ፣ ስምንት ጊዜ የሚሰፋ ነው።
ያሥሩን ከፈለና የሁለቱ ጎደለኝ፤
"የቀረውን በትምህርት ልክፈልህ፣ ሁለት ወር ና" አለኝ።
ሳቅሁበት። አርባ ስድስት ዓመት እኮ ሞላኝ!
ግን ዕዳ ዕዳ ነው፤ ገንዘቤን ጥዬ አላውቅም፤
ማክሰኞ ሲመሽ ሄድኩ፣ ላይ እንጂ ልማር አይደለም።

የቀበሌው አዳራሽ የስንዴ ጆንያ ይሸታል፣
የሲሚንቶው ብርድ በባዶ እግር እስከ ጥርስ ይሰማል።
በገዛ መርፌዬ የጠቀምኩት ቀበቶ
ሦስቴ አሰርኩት፣ ሦስቴ ወረደ ተፈቶ።
ዘምዘም መጣች፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቢጫ የታጠቀች፤
"አይ ጋሼ፣ እንዲህ ነው" ብላ ወገቤ ላይ ቋጠረች፤
"አብሽር፣ እኔም አለቅስ ነበር" ብላም ጨመረች።

ሰላምታው ላይ ሁሴን አንገቱን ብቻ ሰበረ፣
ወገቡን ለፈጣሪው አስቀረ፤
ይመርም "ይበቃል" አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረ።

ቡጢ ለካ የሚጀመረው ከትንሿ ጣት ነው፣
ሌሎቹ ተከትለው ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣት ዘብ ነው፣ ከውጭ የሚቆመው።
የኔ ጣቶች ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ነገር፣
ሁለቱ ተገናኝተው መርፌ መያዝ ነበር።
ይመር እጄን ገልጦ አየና፣
"በዚህ ማንን ልትጠቅም ነው?" አለኝ፤
አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫብኝ።

"ፈረስ ላይ እንዳለህ ቁም" ይላል። ፈረስ ግን የለም።
ወገብ ዝቅ፣ ጀርባ ቀጥ፣ ዓይን ወዲያ ማዶ እንጂ ወለል አያይም።
የስፌት መኪናዬን ሃያ ዓመት የረገጠው ባቴ
ቁም ሲሉት ይሰፋል፤ ክር የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ወይ ጉልበቴ!

ከዚያ ቆጠራ መጣ።
"ኢች" አለ ይመር፣ መታን፤
"ኒ" አለ፣ መታን፤
"ሳን" አለ፣ አየሩን መታን፤
"ሺ!" ሲል እኔ ቆምኩ።
ሺ?
ከሦስት ዘሎ ሺ የሚገባ ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው!
በሦስት ቡጢ ትከሻዬ ሊወልቅ ምን ቀረው!
"ሺ ማለት አራት ነው" አለች ዘምዘም ከጎኔ፣
ሹክ ብላ።
ለሷ አራት ይሁን፤ ሺ ነበር ለኔ።

"ካራቴ ባዶ እጅ ማለት ነው" አለን ሊያሰናብት።
ባዶ እጅ! በኛ አገር ነውር ነው እንዲህ መግባት ሰው ቤት፤
እናቴ ጎረቤት ስትሄድ እንኳ አንድ ነገር ትቋጥር ነበር በመቀነት፤
እኔ ልጇ ይኸውና
ባዶ እጅ ልማር ገባሁበት፣ ያውም ባልተከፈለኝ ሒሳብ፣ በዱቤ ትምህርት።

ማታ ዘሀራ ሽንኩርት እየላጠች፣
"ምን አስተማሩህ?" አለች።
"መቆም" አልኳት።
ቢላዋውን አስቀመጠች።
"ይሄን ሁሉ ዘመን ተኝተህ ነበር እንዴ?" አለች።

ሁለት ቀን ደረጃ የወረድኩት በጎኔ ነው፣ እንደ ሸርጣን።
ዛሬ ሐሙስ፤ ፔዳሉን በቁጥር እረግጣለሁ፣ ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣
አንድ የኩታበር ሰው ሱሪ ይዞ በሬ ላይ ቆመና
"ማሳጠሪያው ስንት ነው?" አለኝ፤ ቆጠራው አፌ ላይ ነበርና
"ሺ!"

ሰውዬው ሱሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣራውን አየ፤
"አብዷል" ብሎ ሱሪውን ጠቅልሎ ተለየ።
"ኧረ አራት ማለቴ..." ስል ቁልቁለቱን ጀመረው፤
አራትስ ብለው፣ ለሱሪ አራት ብር ማን ያምነው!
ምን ላድርግ። እጆቼን ከጭኔ ገጥሜ፣
ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሸኘሁት፣ ቆሜ።

ከዚያ ቁጭ።
ክሩን በምራቄ አሾልኩ፣ መርፌው ዓይን ውስጥ ገባ።
ጎ።