ከጆሯቸው ሥር

መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ከሐኪሙ በፊት፣ ከሚስታቸው በፊት፣
መቀሴ በግራ ጆሯቸው ሥር ሲያልፍ፣ ሽምብራ የምታክል ጉብታ ነክቶ አገኛት።
በጣቴ ጫፍ ገፋ ሳደርጋት እንደ ዓሣ ዕንቁላል ተንሸራታ ሸሸች፣
ስለቃት መጣች።
አታምም፣ አታተኩስ፤ ቆዳው አልቀላ፣
«ጆሮ ደግፍ ይሆናል» አልኩና ዞርኩ ወደ ኋላ፣
ማጅራታቸውን ላስተካክል።

ያኔ ሱቄ ፒያሳ ነበረች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት።
አቶ ዱካሞ በየወሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣
የዕድራችን ዳኛ፤
ሲሰድቧቸው የማይመልሱ፣ ሲያመሰግኗቸው የማይኩራሩ፣
«ምራቁን የዋጠ ሰው» የሚባልላቸው በመንደሩ።

ልጄ ጡት ስትተው ባቄላ ሆነች፤
ሱቄን ወደ አቶቴ ሳዛውር፣ እሷም ወደ መንጋጋቸው ፈቀቅ አለች።
ልጄ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ፣ ሎሚ አክላ
የጆሯቸውን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅላ
ተቀምጣለች።

እና እኔ ምን አደረግሁ?
በግራ በኩል ጸጉር አስረዘምኩ።
ማንም አላዘዘኝም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝ፣
በመስታወቱ ውስጥ ብቻ አንድ ጊዜ አይተው ዝም አሉኝ፤
ስምንት ዓመት ዝምታቸውን በማበጠሪያ ሸፈንኩ።

ሰፈሩማ አወራ፤ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ሳይቀሩ፦
«የዋጡት የሰው ምስጢር ነው፤ ስንቱን ሰምተው ስላልተናገሩ።»

አንድ ቅዳሜ ምላጬን አስቀመጥኩና ባጃጅ ጠራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የታዘዘ መድኃኒት በሚጻፍበት ወረቀት ጀርባ
የምራቅ ዕጢ ሣለልን፤ ቅርንጫፍ የበዛበት፣ የወይን ዘለላ የመሰለ።
«አንዲት ሕዋስ ናት» አለ፤ «መባዛት ማቆም የረሳች፤
ከልጆቿ ገሚሱ የቧንቧ ግድግዳ፣
ገሚሱ እንደ አፍንጫ ጫፍ ለስላሳ አጥንት፣ ገሚሱ ዝልግልግ ውሃ።
ለምን ረሳች? እሱን እኛም አናውቅም።
ክፉ አይደለችም። ግን ክፉ አይደለችም ማለት ትቆይ ማለት አይደለም፤
ዓመት ሲደራረብባት ጠባይዋ ሊለወጥ ይችላል፤
ቅርፊቷም ስስ ነው፤ ከፈረጠች፣ ፍንጣሪዋ ባረፈበት ይበቅላል።»
ከዚያ እርሳሱን በዘለላው መሐል አሳለፈ፦
ዓይን የሚከድነው፣ ከንፈር የሚያስቀው ነርቭ በዚያ ነው መንገዱ።

አቶ ዱካሞ ያን ቀን አንዲት ነገር ጠየቁ፦
«ስስቅ ሰው ይደነግጥ ይሆን?»
እኔ የጣሪያውን ቆርቆሮ ቆጠርኩ።

ሎሚዋ በሙሉ ቅርፊቷ ወጣች።
ግራ ዓይናቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ ገርበብ ብሎ አደረ፤
ሚስታቸው በፕላስተር ይከድኑት ነበር፣ ማታ ማታ፣ እንደ ሱቅ።

አሁን ጠባሳውን ዞሬ ነው የምላጨው፤ ጸጉሩም አጭር ነው፣ በሁለቱም ወገን።
ትናንት ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ተጠብሶ ቀረበልን፤
ሎሚ ሲጨምቁበት
ግራ ጉንጫቸው በላብ ችፍ አለ፣ ያ ጉንጭ ብቻ።
ነግሮን ነበር ሐኪሙ፦ ምራቅ የሚጠሩት ቀጫጭን ነርቮች
ተቆርጠው ዳግም ሲያድጉ መንገድ ይስታሉ፣
ምራቅ ጠርተው ላብ ያመጣሉ።

«ይኸው፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ» አሉ፣ ፎጣዬን እየተቀበሉ፤
ሳቁ፤ በቀኝ በኩል ቀድሞ፣
በግራ ትንሽ ቆይቶ።