ሰባት ቁጥር

ራተኖ ከተማ፣ ሃፈል ወንዝ ዳርቻ፣
እሑድ ገበያ ላይ፣ አሮጌ ዕቃ ብቻ
ከሚሸጥበት ጥግ፣ ኒሻን ከኮዳ ጋር፣
እኔም እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን ለማከራየት፣ ሰው ለማማከር።
የጠመንጃ መነጽር ይዞ ሰው ይመጣል፤
"ቪንፍሪድ፣ እውነት ነው? ከጦርነቱ ተርፏል?"

መጀመሪያ አሸታለሁ፤ የሚስቅም ይሳቅ፤
የዱሮ ግሪስ የራሱ ሽታ አለው ሲደርቅ፣
እንደ ቆየ ሻማ፣ እንደ ኮርቻ ቆዳ፤
አዲሱ ጋራዥ ጋራዥ ይላል፣ ሽታው እንግዳ።

ቀጥሎ ብሎኑ፦ የጭንቅላቱ ስንጥቅ
ስንት መፍቻ ቀመሰ? ስንት እጅ? ልጠይቅ።
ሰማንያ ዓመት ኖሮ ጠርዙ ካልተነካ፣
ወይ መልአክ ይዞታል፣ ወይ አልኖረም ለካ።

ከዚያ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዞራለሁ፤
የጦርነቱ ቅብ ሐምራዊ ነው፣ ስስ፣ አውቀዋለሁ፤
አረንጓዴ ካበራ እንደ ድመት ዓይን፣
የትናንት ልጅ ነው፣ የዋሸ ዕድሜውን።

ሂልትሩድ የምትባል ሴት፣ እውነቱን ብነግራት፣
"አንተ ራስህ ፎርጅድ!" ብላኝ ሄደች፤ አመንኳት።

ዛሬ አንድ ጎልማሳ መጣ፣ ዬርን ይባላል፣
በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሕፃን ያቀፈ ይመስላል፤
"የአባቴ አያት፣ ከምሥራቅ ግንባር፣
ይዞት የመጣ ነው፤ በረዶ ላይ፣ በእግር።
አባቴ ሲሞት ሰጠኝ። ሸጬው ጣሪያዬን ልጠግን።
እውነተኛ ነው አይደል?" አለኝ፣ አየት አድርጎ ፊቴን።

አሸተትኩ። ሻማ። ብሎኑ ተፈግፍጓል።
መስታወቱ ሐምራዊ፤ ጠርዙ ላይ ሻግቷል
እንደ ሸረሪት ድር። ልቤ "እሺ" ሊል ሲል፣
ጎኑን አገላበጥኩ፣ "ቁጥሩስ?" ብዬ ስል፣
አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት... ከዚያ ሰባት አለ፣
እግሩ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነበለ፣
ልክ እንደ ሌባ ጣቴ። በልጅነቴ በር
ሰብሯት ጎብጣ ቀረች፤ ቀጥ ብላ አትጽፍም ነበር።

ግንቡ በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት
ፋብሪካው ተዘጋ። ቁጥር በመነጽር አንገት
ሃያ ዓመት ቀርጬ፣ ከሺህ ሰው ጋር ወጣሁ፤ ማንም አልዘመረ፤
የጭስ ማውጫው ብቻ ለሽመላ ቀረ።
አንድ ነጋዴ መጣ። ስሙን ተዉት። ከፈለ።
ምድር ቤት ወረድኩ፣ ሚስቴ ተኝታ እያለ፣
በኮምጣጤ ዘፈዘፍኩት፣ በጨው አሸሁት፣
ፈረስ ጋጣ ቀብሬ በሳምንቱ አወጣሁት፣
ቁጥር ሰጠሁት፣ ጦርነት ሰጠሁት።
ስንቱን? አርባ፣ አርባ አንድ... መቁጠሩን ተውኩ።
ለልጄ ጫማ፣ ለምድጃው ከሰል ገዛሁ፤ አላፈርኩ።
ያን ጊዜ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
መስታወት ግን እያደር ሻጋታ ያፈራል።
ይሄ ሻጋታ የኔ አይደለም፤ ራሱ በቀለ።
የብሎኑም ጠርዝ የኔ አይደለም፤ ሰው ነው ያላላው፣ ያጠበቀው፣
ከቀለበቱ ላይ ቀለሙን አውራ ጣት ነው የላጠው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

"አባትህ ያይበት ነበር?" አልኩት።
"በየሚያዝያው" አለ፣ "ሽመላዎቹን፣ ከመስኮት፣
ከጭስ ማውጫው ጫፍ ሲያርፉ ይቆጥር ነበር።
ጠመንጃ እንኳ አልነበረው።"
                    አባትየው አያት ገዝቶ ነበር
ከኔ ምድር ቤት።

ዬርን ይጠብቃል። ጣሪያው ያፈስሳል።
ነፋሱ የጎረቤቴን ድንኳን ያርገበግባል።
"እውነተኛ ነው?" ይለኛል ደግሞ።
ወደ ዓይኔ አነሳሁት፤ በሦስቱ ችካል መሐል
ጭስ ማውጫው፣ ባዶ ጎጆ፣ ሰማይ።
"ቆይ" አልኩት፣ "ቆይ፣ እስቲ ልይ፣"
ሰባቱን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ።