መቶ ተራምዶ፣ አሥር

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሙሐረቅ ሲተኛ፣
ሐጂ ኸሊፋ ወጡ፣
ጨለማ እንደሚቀዝፍ አሮጌ ዋናተኛ፣
የግራውን ጫማ በቀኝ እግር አግብተው፣
መቁጠሪያውን ይዘው፣ ቁልፉን ግን ረስተው።

«አታስቁሚያቸው» ብላለች ሙኒራ፣ «ውሃ በእጅሽ ያዢ፤
ከቆሙ ያለቅሳሉ፤ ዝም ብለሽ ተጓዢ።»

ተጓዝኩ።

ማዕዘን ሲደርሱ ቆም ብለው አሸተቱ፤
ወደ ግራ ዞሩ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ።
ቀጥሎ በመጡበት። አንድ ልጅ ያለ ይመስላል
በየመታጠፊያው ሳንቲም የሚያሽከረክር፤
ዘውድ ከወጣ ወደ ባሕሩ፣
ጎፈር ከወጣ ወደ ሰፈሩ።

ይህን አረማመድ አውቀዋለሁ እኔ፤
ደሴ፣ ሦስተኛ ዓመት፤ ብናኙ የጠመኔ
ሸሚዙ ላይ ተኝቶ፣ መምህር ይልቃል
አንዲት ነጥብ ሣለና «ይቺ ስትራመድ
ቀጥላ የት እንደምትረግጥ ከእናንተ ማን ያውቃል?»
ማንም። «እሺ፣ መቶ ጊዜ ትርገጥ፤
ከተነሣችበት ስንት ትርቃለች?»
አንዱ መቶ አለ። ትብለጥ ዜሮ አለች።
«አሥር!» አለ መምህር። «ሥሩን ነው የምንወስደው።
እጥፍ ልራቅ ያለ አራት እጥፍ ይልፋ።»

እኔ በዚያን ጊዜ ስለ አየር መስሎኝ ነበር፣
እርስ በርሱ ስለሚላተም፣ ስለማይታይ ቅንጣት፤
ደብተሬ ላይ አሰመርኩበት፣ ለፈተና፣ አበቃ።
እዚህ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የሰባት ሥር
ሁለት ከምናምን ነው፤ አልዋሸም መምህር፤
ኩታበር የማሠራው ቤት ሁለት ክፍል ቆሟል፤
ምናምኑ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያ ይጠብቃል።

እርጥበቱ አንገቴ ላይ እንደ ፎጣ ተጠምጥሟል።
ማቀዝቀዣዎቹ ከየግድግዳው ያንጠባጥባሉ።
ሐጂ ቆሙ። መዳፋቸው የሌለ ገመድ ጎተተ፤
በልጅነታቸው፣ የሉል ጀልባ ላይ፣ ጠላቂ ያወጡ ነበር።
«ከሺህ ዛጎል አንድ» ይሉኛል፣ «ሌላው ሥጋ ብቻ።»
ያቺን አንድ አልረሷትም።
የሙኒራን ስም ግን ትናንት ከኔ ጠየቁ።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብታ ቀለም ጥሎ
«ተመልሳ እንዳትሰበሰብ የከለከላት ሕግ የለም» ይለን ነበር ይልቃል፤
«የመበተኛ መንገዷ እልፍ አእላፍ ሆኖ፣
የመሰብሰቢያው አንድ ሆኖባት ነው እንጂ።»
እኔም በየማለዳው ብርጭቆውን አያለሁ፤
ማን ያውቃል እላለሁ።

ሌላም ነገር ብሎን ነበር። ሜዳ ላይ የሚንከራተት
ቤቱን ማግኘቱ አይቀርም፤ ዕድሉ ሙሉ አንድ ነው፤
መቼ ብትሉ ግን፣ አማካዩ ማብቂያ የሌለው።
ሰማይ ላይ የሚንከራተት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚችል፣
እሱ ከሦስት አንድ ጊዜ ቢመለስ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ ሦስት ነበርን በአንድ ረድፍ፤
ሰሚራ መስኮቱ ጋ፣ አንጓች መሐል፣ እኔ ዳር።
ሰሚራ ገባች አገር።
ሒሳቡ ስለ እኛ አይደለም፤ አውቃለሁ።
ቢሆንም ቆጥሬያለሁ።

ጎሕ ሲቀድ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
ሐጂ ከአንድ በር ደረሱ፤ ሰማያዊ፣ ባለ ብዙ ምስማር፤
መዳፋቸውን አሳርፈው እንደ ፈረስ አንገት ዳሰሱት።
«የማን ቤት ነው?»
«የእርስዎ ነው፣ ሐጂ።»
«ጥሩ ቤት ነው» አሉ። አመሰገኑኝ።

ሳንቲሙ አየር ላይ ዞረ።
የሚራመድ ነጥብ ስላለፈው አይጠየቅም።
ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ውሃውን አነሣሁ።
አንድ።