ልዩ ልዩ አልባሳት

ንግድ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ፤
ጸሐፊው «ዘርፉ?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ ቢሮው ሁሉ ሰማ፦
«ሙታንታ። ቀጥሎም ቁምጣ፣ ካናቴራና ቱታ።»
ብዕሩ አየር ላይ ቀረ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ ላንድ አፍታ።
አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እሱ ግን ጨዋ ሰው ነበር፤
«ልዩ ልዩ አልባሳት» ብሎ ጻፈ፣ ገመናዬን ሊሰውር።

ከሠራተኛ ሰፈር ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤
የእቁቤን ብር ጨርሼ ሁለት አሮጌ ኦቨርሎክ አስገባሁ።
ብርክታዊት ትቆርጣለች፣ ኢክራም ላስቲክ ትለካለች፤
እናቴ ጎረቤት ሲጠይቅ «ስፌት ነው» ብላ ታልፋለች።

የመጀመሪያው ሃምሳ ደርዘን ከመርካቶ ተመለሰ፤
አንዴ ሲታጠብ ላስቲኩ እንደ ሐሜት ረዘመ፣ ፈሰሰ።
ጋሽ ሙዘይን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየኝ፤
«ይሄ ሙታንታ ነው መጋረጃ?» ብሎ ገበያውን አሳቀብኝ።
አለቀስኩ። ተረተርኩት። በድርብ መልሼ ሰፋሁት፤
መብራት በጠፋ ሌሊትም በስልክ ባትሪ ጠቀምኩት።

ዛሬ ንጋት፣ መስቀል አደባባይ፣ ከደረጃው አጠገብ
አንዲት ሯጭ ጎንበስ ስትል የጫማዋን ክር ልትስብ፣
ካናቴራዋ ከፍ ሲል ከወገቧ ጫፍ አየሁት፤
ያን ድርብ ስፌት፣ ሰማያዊውን ክር፤ እኔ ነኝ የመረጥሁት።

አልጠራኋትም። ምን ልበል? «እህት፣ ሙታንታሽ የኔ ነው»?
ወጣች፣ ወረደች፣ ዘለለች፤
ላስቲኩ ንቅንቅ አላለም።
አሥራ አራት ዙር ቆጠርኩ።
ከዚያ ሰዓቴን አይቼ እኔም ሮጥኩ፤ ኪራዩ ዛሬ ነው።